የጳጉሜን ግማሽ መስመር

እኔን የሚያናድደኝ ነገር ብዙ ነው። ሳይናገር የሚሄደው መብራት ያናድደኛል። ደረጃው ላይ የጫት ገረባ የሚበትነው የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ያናድደኛል። ግን እንደ ጥቅስ ሌባ ደሜን የሚያፈላው የለም። ኪስ አውላቂ እንኳ የሰረቀውን ደብቆ ነው የሚበላው። የጥቅስ ሌባ ግን ከድሃ አፍ የወደቀውን ቃል ያነሣና፣ ጢሙ የተንዠረገገ ፈላስፋ ሥዕል ሥር በወርቅ ቀለም ጽፎ በአደባባይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ይቀባበለዋል። ማን አለው? ለማን አለው? ምን ሆኖ አለው? የሚል የለም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እየተባለ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ወፍራም ደብተር አለኝ። በግራ ገጹ ሰው የሚጠቅሰውን፣ በቀኝ ገጹ በእውነት ማን እንደተናገረው እጽፋለሁ። ንጉሥ ተናገሩት እየተባለ ዛሬ የሚነገረውን አንዱን ቃል፣ እዚሁ ዐደን፣ ከወደቡ በር ዘበኛ አፍ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዘበኛው የተናገረው ምሳውን ድመት ስለበላችበት ነበር። ይህን ለሰው ስነግር ይስቁብኛል፤ «ምን ይጠቅምሃል?» ይሉኛል። ምን እንደሚጠቅመኝ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ እኔም በቅጡ አላውቀውም ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ ጳጉሜን በገባ በማግሥቱ ጠዋት፣ ሃያት ውኃ ይዛልኝ መጣች። ሃያት የወሎ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሆናት በጀልባ ከተሻገረች። ሐሳቧ ሳዑዲ ነበር፤ መንገዱ ሲከብድባት እዚሁ ዐደን፣ መንሱራ ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥራ ቀረች። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ወደ እኔ ሰፈር ወደ ማዓላ እየመጣች የሕንፃችንን ደረጃ ትጠርጋለች፣ ለእኔ ለብቻዬ ለምኖረው ሽማግሌ ጀሪካን ትሞላልኛለች። መብራት ስለማይኖር ስልኳን በእኔ ሶላር ባትሪ ትሰካና እስኪሞላ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። ያን ዕለትም ተቀምጣ ለታናሽ እኅቷ ለሰሚራ ድምፅ ትቀዳ ነበር። ሰሚራ ኦቦክ ደርሳ፣ ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ጀልባ የምትጠብቅ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

«አይዞሽ እኅቴ» ትላለች ሃያት ወደ ስልኳ። «ኢንሻአላህ በሦስተኛው ቀን ትነሣላችሁ። አትፍሪ። ፈላስፋው ምን አለ? ባሕርን የሚፈራ ዳር የቆመ ብቻ ነው።»

የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ማን አለ?» አልኳት።

«ፈላስፋ ነዋ አባባ። የግሪክ ነው መሰለኝ።» ስልኳን አሳየችኝ። ሸበቶ ጢም፣ ኋላው ማዕበል፣ ከሥሩ በወርቅ ፊደል ያ ቃል።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ደላላው ነው የሚልከው። ለሚሻገሩት ሁሉ ይልካል፤ እንዳይፈሩ።»

«ግሪክ ገደል ይግባ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ መንገዱ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም፤ ከታች የባቄላ ሻጩ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያ አላህ! ምን አደረግሁ አባባ?» አለች ልጅቷ ደንግጣ። ምንም አላደረገችም። እሷማ ምን ታደርግ።

ያንን ቃል የተናገረችው እትዬ ዘነቡ ናት። ግሪክን በካርታም አይታው አታውቅም። መርከበኛ ግሪኮች ያቆሸሹትን የገበታ ጨርቅ ተኩሳ ግን ታውቅ ይሆናል፤ ሥራዋ ይኸው ነበርና። ያኔ ማዓላ ዛሬ እንደምታዩት አልነበረችም። ይሄ ዛሬ ግድግዳው በጥይት የተበሳሳ ረጅም መንገድ ያኔ አዲስ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩት ፎቆች ቀለማቸው ገና ይሸት ነበር። በየበረንዳው ነጭ አንሶላ ይሰጣል፣ ከየሻይ ቤቱ ራዲዮ ይጮኻል፤ አንዱ የግብፅ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ቤት የሕንዱን ይጀምራል። የወተት ሻይ ከነሳምቡሳው በሽልንግ ስባሪ ትጠጣለህ። እኔ እግሩ ሰፊ ሱሪ፣ ክሬተር ሰፈር ሕንዳዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፋሁት፣ እለብስና ፀጉሬን ቅባት ቀብቼ ወደ ኦፊስ እሄዳለሁ። የአንድ የመርከብ ወኪል ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አሁን ያ ኦፊስ በሩ በብሎኬት ተደፍኗል፤ ከፊቱ የሶላር ባትሪ ይሸጣል።

ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ የእንጨት ጀልባ ከሚሠራበት ዳርቻ አጠገብ፣ አንድ ላውንደሪ ነበር። ከመርከብና ከሆቴል የሚመጣ አንሶላ በጋሪ ይገባል፣ ታጥፎ በጋሪ ይወጣል። እትዬ ዘነቡ እዚያ ካውያ ላይ ነበረች። ሰማያዊ ሽርጧን ታስራ፣ ነጠላዋን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ በባዶ እግሯ ቆማ ትተኩሳለች። ዛሬም አሚዶ የነካው ጨርቅ በትኩስ ካውያ ሲተኮስ ከሸተተኝ፣ የዓሣ ዘይት የተቀባ የጀልባ እንጨት ሽታም ከተጨመረበት፣ እሷን አየኋት ማለት ነው። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯም አጭር ነበር። የሚያሽኮረምማትን መርከበኛ በካውያዋ ጫፍ በሩን ታሳየዋለች እንጂ አትሰድበውም።

አንድ ልጅ ነበራት፤ ግርማ ይባላል። አሰብ እኅቷ ዘንድ ነበር ያደገው። ጎልምሶ ሥራ መያዣው ሲደርስ ወደ ዐደን አስመጣዋለሁ ብላ ደብዳቤ አስጻፈች። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ያለውን የሐበሻ ማኅበረሰብ ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «ና፣ አትፍራ፣ ባሕሩ አንድ ሌሊት ነው» አለች፤ ጻፍኩ። ልጁ በሸራ ጀልባ ተነሣ። ጀልባዋ አልደረሰችም። እትዬ ዘነቡ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ማታ ከወጣች በኋላ፣ ማዓላ ዳርቻ ቆማ የሚገባውን ሸራ ሁሉ ትቆጥር ጀመር። አንድ ወር ቆመች፤ ሁለት ወር ቆመች። እድራችንም ሬሳ ሳይኖር ድንኳን አይተከልም ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ አስቡት፤ ሴትዮዋ ባሕር ዳር ቆማለች፣ ወንዶቹ ተቀምጠው በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ይጨቃጨቃሉ። እኔም ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።

በሦስተኛው ወር ድንኳኑ ተተከለ። የእድሩ ሊቀመንበር፣ በዚያ ሙቀት ከነከረባቱ የሚውል ሰው፣ ማጽናናት ይወድ ነበር። ተነሥቶ «ዘነቡ፣ አታልቅሺ፤ ልጅሽ ጀግና ነበር፤ ባሕር ያልፈራ» አለ። እትዬ ዘነቡ ያን ሁሉ ቀን ቀና ብላ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ቀና አለች።

«ጀግና አትበሉብኝ» አለች። «ባሕርን የሚፈራ ዳር የቆመ ብቻ ነው። የገባማ ለመፍራት እንኳ ጊዜ አላገኘም።»

ሊቀመንበሩ ተቀመጠ። እኔም ያን ጊዜ ጥሩ ንግግር ስሰማ የምጽፍበት ትንሽ ደብተር በኪሴ ነበርና፣ እዚያው ለቅሶ ላይ፣ ሁለቱንም ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ።

ይህን ሁሉ ለሃያት ነገርኳት። ስልኩን ትታ ጉልበቷን አቅፋ ሰማችኝ። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁና ቃሉ የሄደበትን መንገድ አሳየኋት፤ ስንት ዓመት ስከታተለው የኖርኩትን። ያኔ በእድራችን ካላንደር አትመን ነበር፤ ቃሉ እዚያ ላይ ወጣ። ከማዓላ ወደ አገሩ የገባ ሰው ካላንደራችንን በሻንጣው ይዞ ገባ። አንዱ ድሬዳዋ ልብስ ሰፊ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ያየው ሾፌር የጭነት መኪናው ኋላ ላይ አስጻፈው። ከመኪናው ያነበበ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ከመምህሩ ተማሪዎች አንዱ የጥቅስ መጽሐፍ አሳተመ፤ እዚያ ውስጥ «የአበው አባባል» ተብሎ ገባ። ከመጽሐፉ ስልክ ላይ ወጣ፤ ስልክ ላይ ሲወጣ አበውም ተሻሩና ግሪክ ተሾመ። በየደረጃው የእትዬ ዘነቡን ስም ሳይጠይቁ ያለፉትን አንድ በአንድ ረገምኳቸው። ሾፌሩን ረገምኩ፣ መምህሩን ረገምኩ፣ አሳታሚውን እንኳ ለብቻው ረገምኩት። በመጨረሻ ደላላውን ስረግም ትንፋሽ አጠረኝ።

«አባባ» አለች ሃያት፤ «ሁሉም ግማሹን ነው የያዙት። ቀሪውን ማን ቆረጠው?»

ይህች ልጅ ደረጃ የምትጠርግ ልጅ ናት፤ ፊደልም የቆጠረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም የተማረ ሰው ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ገብቼ ከሣጥኔ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጣሁ። ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል።

ያኔ ካላንደር ቸግሮን ነበር። የኦፊሱ የእንግሊዝ፣ የመንገዱ የዐረብ ነው፤ የኛን ጾምና በዓል የሚነግረን አልነበረም። አንድ ዓመትማ ዐቢይ ጾም መግባቱን ሳናውቅ ሳምንት ሙሉ ሥጋ በላን። እድሩ ተሰብስቦ የራሳችን ካላንደር ይታተም ተባለ። ከአዲስ አበባ በመርከብ በመጣች የአማርኛ ታይፕራይተር ስቴንስል መትቼ፣ በኦፊሳችን ማባዣ ያባዛሁት እኔ ነኝ። ለየወሩ አንድ ወረቀት፣ ከየወሩ ግርጌ አንድ ጥቅስ። ጥቅሱን የምመርጠውም እኔ ነበርኩ፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ግን ወረቀቱ የተገኘው ለዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ያለን እኛ፣ ጳጉሜንን የት እናድርጋት? ከነሐሴ ሥር ለጠፍናት። አምስት ቀን በአንድ ረድፍ፣ ከሥሯ ለጥቅስ የምትሆን አንዲት መስመር ብቻ ቀረች።

የእትዬ ዘነቡ ቃል ደግሞ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነበርና ካላንደሩን ልዘጋበት አስቤ ለጳጉሜን አስቀምጬዋለሁ። ፊደል ቆጠርኩ፤ አልገባ አለ። ስሟንም ልጽፍ ፈልጌ ነበር። ለሊቀመንበሩ ባሳየው «የልብስ ተኳሽ ስም ከነቅዱሳኑ በዓል ጋር በአንድ ወረቀት?» አለኝ። ድንኳን ውስጥ አፉን ያዘጋችውን አልረሳም። መከራከር እችል ነበር። የነሐሴን ጥቅስ አውጥቼ ለእሷ ቦታ መስጠት እችል ነበር። ግን የነሐሴው የሊቀመንበሩ የራሱ ነበር፤ እኔም ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ወደብ ላይ የሚያስቀጥር ሰው ነው። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አስቀረሁ፣ ሁለተኛውን ተውኩት፣ በስሟ ቦታ «የአበው አባባል» ብዬ መታሁ። ልክ ገባ። እንዴት አምሮ እንደገባ ሳይ ደስ አለኝ፤ ይኼ ነው ከሁሉ የሚያበግነኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እትዬ ዘነቡ ማንበብ አትችልም፤ ካላንደሩን ግን ላውንደሪው ግድግዳ ላይ ሰቅላው ነበር። ወር በገባ ቁጥር ታስጠራኝና ግርጌውን አነብላታለሁ። ጳጉሜን ገባ። አነበብኩላት። የራሷን ቃል ስትሰማ ካውያውን አቆመችው።

«የቀረውስ?» አለችኝ።

«ቦታ አልበቃም እትዬ።»

«እንግዲያው ለከርሞ ትሞላዋለህ» አለችና ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። ከርሞ ካላንደር አልታተመም። ነገር ተቀየረ፣ መርከቡ ቀነሰ፣ ወረቀት ጠፋ፣ ኦፊሱ ተዘጋ፣ ሊቀመንበሩ አገር ለቆ ሄደ። እትዬ ዘነቡም በሁለተኛው ዓመት ዐረፈች። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን እጄ ደህና ነበር፣ እስክሪብቶም ነበረኝ፤ ይቺን አንዲት ወረቀት እንኳ አውጥቼ ጎኗ ላይ አልሞላሁም። ሌባ ፍለጋ ግን ድሬዳዋ ድረስ ሰው እልክ ነበር።

ሃያት ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ነሐሴን፣ ጳጉሜንን፣ ያችን መስመር። «ለአንድ መስመር ብለው ነው አባባ?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«አዎ» አልኳት። «አሁን ሙሉውን ላኪላት።»

ፊቷ ተለወጠ። «አልችልም፤ ወላሂ ታብዳለች። ኻላስ፣ እዚያ ደርሳለች፤ መመለሻ የላትም። እኔስ በባሕር አይደል የመጣሁት? ይኸው ደርሻለሁ። እዚህ ሹግል አለ፣ ሥራ አይጠፋም፤ ሁለት ከሆን ይቀለናል።»

«ከአንቺ ጋር የገቡት ሁሉ ደረሱ?»

ጀሪካኑን ማየት ጀመረች። ከታች ደባቡ፣ ሚኒባሱ ማለቴ ነው፣ «መንሱራ! መንሱራ!» እያለ ይጣራል። አልተነሣችም።

«ሁላችንም አልደረስንም» አለች በመጨረሻ።

«ያልደረሱት ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም አባባ። በእኔና በሞተሩ መሃል ሦስት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ማዕበሉ ሲያልፍ የሉም። አልጮኹም። ጊዜ አልነበረም።»

ያን ካለች በኋላ የተናገረችው ለራሷ ተሰማት መሰለኝ፤ አፏን በሻሿ ያዘች። እትዬ ዘነቡ ባሕሩን ከዳር ሆና ነበር ያወቀችው፤ ይህች ልጅ ከውስጡ መጥታ ያንኑ ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ደረጃዬን ስትጠርግ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ደብተሬ ውስጥም የለም።

ስልኩን ከባትሪው ነቀለችና መቅጃውን ተጭና ዘረጋችልኝ። «እርስዎ ይንገሯት» አለች። ተናገርኩ። ስሜን፣ ማዓላ መኖሬን ነገርኳት። ፈላስፋ የሚባለው ውሸት መሆኑን፣ ቃሉ የአንዲት ዘነቡ የምትባል ልብስ ተኳሽ መሆኑን፣ ልጇን «ና፣ አትፍራ» ብላ መጥራቷን፣ ጀልባዋ አለመድረሷን። ከዚያ ሁለቱንም ዐረፍተ ነገር፣ እንደተናገረችው፣ አንዱን ሳላስቀር አልኩ። ሃያት ከጎኔ ሆና «ሰሚራ፣ የኔ ጀልባ ላይም ሦስት ነበሩ፤ አልነገርኩሽም» አለችና ላከችው። ከዚያ ሃያት ሄደች። እኔ እስክሪብቶ ፈልጌ ቢጫዋን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ከጳጉሜን ጎን፣ በኅዳጉ፣ በቁም ጽሕፈት ሞላሁት፤ ስሟንም ጨመርኩ። ለካ ቦታ ነበር።

በማግሥቱ ሃያት ቀኗ ሳይሆን መጣች። ሦስት ፎቅ ሮጣ ስለወጣች መናገር አልቻለችም፤ ስልኩን ብቻ ጆሮዬ ላይ አስጠጋችው። የሰሚራ ድምፅ ነው። ኋላዋ ነፋስ አለ፣ የሚጨቃጨቁ ወንዶች አሉ።

«ሃያት፣ ነገ ነው የሚሉን። ደላላው ነገ ተነሡ ይላል። ያንን የአባባን ድምፅ አብረውኝ ጀልባ ለሚጠብቁት ልጆች ሁሉ አሰማኋቸው፤ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ዝም አሉ። እኔ እንጃ። አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ያቺ ዘነቡ የሚሏት ሴትዮ፣ በኋላስ ልጇን አገኘችው ወይ?»

ያንን ጢማም ፈላስፋ ይህን የሚጠይቀው የለም። እሱ ልጅ የለውም፤ ዳር አይቆምም። ሃያት መቅጃውን ይዛ ታየኛለች፤ ሁለት ዓመት አብራኝ ስትቀመጥ እንዲህ አይታኝ አታውቅም። አንድ የሚያጽናና ነገር፣ አንድ ለወር ግርጌ የሚሆን ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«አላገኘችውም» አልኳት። ምንም አልጨመርኩም፤ ምንም አልቆረጥኩም።